የሥዕል ድባብ ምንድን ነው?

የሆላንዳዊው ሠዓሊ የቪንሰንት ቫን ጎህ ሥዕል «መኝታ ቤት» በተነሣ ቁጥር አንድ ትንታኔ አይቀርም፦ ግድግዳው ሰማያዊ ስለሆነ ሐዘን ነው፣ ክፍሉ የተጣመመውም የሠዓሊው አእምሮ ስለታወከ ነው ይባላል። ይህ የሥዕሉን ድባብ ትቶ ሠዓሊውን ማማት ነው።

ድባብ ብርሃኑ፣ ቀለሙ፣ መስመሩና ባዶ ቦታው ተባብረው ተመልካቹ ላይ የሚያሳድሩት ስሜት ነው። ክራርን አስቡ። ትዝታ የሚያባባው በቅኝቱ ነው፤ ደርዳሪው በሠርጉ ማግስት ቢጫወተውም ያው ያባባል።

ሥዕሉ የተሣለው በደቡብ ፈረንሳይ ከተማ በአርል፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1888 ነው። ቫን ጎህ አእምሮው ታውኮ ጆሮውን የቆረጠው ከዚያ በኋላ፣ በዲሴምበር ነው። ለወንድሙ ለቴዎ ሲጽፍም ክፍሉ ዕረፍትንና እንቅልፍን እንዲያሳስብ መፈለጉን፣ ግድግዳው ፈዛዛ ወይን ጠጅ መሆኑን ነግሮታል። ወይን ጠጁን ያገኘው ሰማያዊና ቀይ ቀላቅሎ ነበር፤ ቀዩ ግን በብርሃን የሚደበዝዝ ዓይነት ነውና ከዓመታት በኋላ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ከክራሩ አንድ ክር ላልቶ ቅኝቱ ተለወጠ ማለት ነው። የላላውን ክር እየሰሙ የደርዳሪው ሐዘን ነው ማለት አይገባም። የጀርባው ግድግዳም ቢሆን ቤቱ ራሱ ገደድ ብሎ የተሠራ ስለነበር ነው የተጣመመው።

ይህን ሥዕል አይቶ ያልተረጋጋ ሰው ግን ስሜቱ አልዋሸውም፤ ምክንያቱን ከሸራው ላይ ይፈልግ። ወለሉን ተመልከቱ፦ የጣውላዎቹ መስመሮች ወደ ጀርባው ግድግዳ ይሮጣሉ፣ ወለሉም ወደ ላይ የተነሣ ይመስላል። የታችኛውን ሲሶ በእጃችሁ ሸፍኑት፤ ጥድፊያው ይቀንስና ሰፊው ቢጫ አልጋ ረጋ ይላል። ቀጥሎ ጥላ ፈልጉ። ከወንበሮቹ ሥር አታገኙም፤ የጃፓን ኅትመቶችን ተከትሎ ሆን ብሎ ትቶታል፤ ሰዓቱ የማይታወቅ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ትራስ አለ፤ ሰው ግን የለም። ይህን ብቸኝነት የሚለውም፣ እንግዳ መጠበቅ የሚለውም ማስረጃ አለው፤ «ሰማያዊ ስለሆነ» የሚለው ግን የለውም።

ደግሞ የትኛውን እንዳያችሁ አረጋግጡ። ሥዕሉ ሦስት ነው፦ የመጀመሪያው አምስተርዳም፣ በ1889 የተደገሙት ሁለቱ ቺካጎና ፓሪስ ይገኛሉ፤ የፓሪሱ አነስ ይላል። ቀለማቸው አንድ አይደለም፣ የስልክ ስክሪንም ቀለሙን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ በስልክ ባያችሁት ምስል ስለ ቀለሙ አትፍረዱ፤ ስለ መስመሩና ስለ ዕቃዎቹ አቀማመጥ ግን መናገር ትችላላችሁ።