«ኧረ ይጎትተዋል!»፦ ስለ ትራክተርና ተሳቢ የማይሞቱ ስህተቶች

ተሳቢው ከልክ በላይ ተጭኗል ባልኩ ቁጥር የሚመለስልኝ መልስ አንድ ነው። «ኧረ ችግር የለውም፣ ይጎትተዋል!» ኦፕሬተሮችን ሳሠለጥን እሰማዋለሁ። ለጥገና ስጠራ እሰማዋለሁ። ትራክተሩ ከመንገድ ወጥቶ ጎኑ ላይ ተጋድሞ እንኳ «እስከ ዛሬ ሲጎትተው ነበር እኮ» የሚል አይጠፋም።

መች አይጎትትም አልኩ? የጠየቅኩት ያቆመዋል ወይ ብዬ ነው።

ሌሎችም የሚያናድዱኝ አባባሎች አሉ፣ እንደርስባቸዋለን። መጀመሪያ ግን ይህን እንጨርስ።

«ከጎተተው ያቆመዋል»

አያቆመውም። መጎተትና ማቆም ለየቅል ናቸው። ለመጎተት ማርሽ አለ። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ጎማ ያለው ጭነት ደግሞ ሜዳ ላይ ለመንከባለል ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ስለዚህ ትንሽ ትራክተር እንኳ የክብደቱን ብዙ እጥፍ እያዘገመ ይወስደዋል። ፍሬን ላይ ግን ይህ ብልሃት የለም። ፍሬን የሚይዘው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ በያዘው ልክ ነው። ጎማው መሬቱን የሚይዘው ደግሞ በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። የፈረስ ጉልበት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ቁጥር ይሻላል። ትራክተሩ 3 ቶን ይመዝናል። ተሳቢው ባለ አራት ጎማ ነው፣ ፍሬን የለውም፣ ከነጭነቱ 10 ቶን ነው። መንገዱ ጠጠር፣ ቁልቁለቱ 12 በመቶ፤ በየ100 ሜትሩ 12 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ይህን 13 ቶን ቁልቁል የሚገፋው ኃይል 1.5 ቶን ያህል ነው። ጎማው ሲንከባለል መሬቱ ራሱ የሚያስቀርለትን 0.3 ቶን እንቀንስለት። 1.2 ቀረ።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ። የብዙ እርሻ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። እነሱ ላይ ያረፈው 2 ቶን ነው እንበል። ባለ አራት ጎማ ተሳቢ ክብደቱን በራሱ ጎማዎች ስለሚሸከም ለትራክተሩ የሚያበድረው ክብደት የለም። ጠጠር ላይ ጎማ ከተሸከመው ግማሹን ያህል ቢይዝ ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ቢበዛ የሚሰጠው 1 ቶን ነው። የሚፈለገው 1.2 ነው።

በሌላ አነጋገር ይህ ትራክተር ሊቆም ቀርቶ ፍጥነቱን እንኳ መያዝ አይችልም። ፍሬኑ አዲስ ቢሆን፣ ኦፕሬተሩ ፔዳሉ ላይ ቢቆም ለውጥ የለውም። ጎማው ይቆለፋል፣ ይንሸራተታል፣ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ይወስደዋል። መንገዱ ከታጠፈ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይገፋም። የትራክተሩን ቂጥ ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ሁለቱም እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ።

ሰው የማያስተውለው ነገር ይህ ነው፦ ያው ትራክተር ያንኑ ጭነት ይዞ ያንኑ ቁልቁለት ተመልሶ ልውጣው ቢል አይወጣውም። ጎማው ይሽከረከርበታል። ግን ማንም አልፈተነውም። ጠዋት ባዶውን ወጣ፣ ላይ ተጫነ፣ ጭኖ ወረደ። «ይጎትተዋል» የተባለው ሜዳ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ «ፍሬን በጥሶ ነው» የተባለ የተገለበጠ ትራክተር እንዳይ ተጠራሁ። ፍሬኑን ፈታሁት። ሸራው ጤነኛ፣ ዘይቱ ሙሉ፣ ምንም የተበጠሰ ነገር የለም። ከዚያ ቁልቁለቱን በእግሬ ወጣሁ። ጠጠሩ ላይ ሁለት የተፋቀ መስመር አለ፣ ከላይ ጀምሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ ሳይቋረጥ። ጎማው ተቆልፎ ነው የወረደው። ፍሬኑ ሥራውን ሠርቷል። ባለቤቱ ግን እስከ መጨረሻው «ፍሬን በጠሰ ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። አልጻፍኩም።

ታዲያ ስንት ይጫን? ብዙ የትራክተር መመሪያዎች ላይ የሚገኘው ልክ ይህ ነው፦ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት 1.5 እጥፍ አይብለጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ፍሬን ያለው ከሆነ እስከ 4.5 እጥፍ፣ ፍጥነቱ እስከ 40። የእናንተ ትራክተር መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካለ የሚሰማው እሱ ነው። ይህ ጣሪያው እንጂ ለቁልቁለት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ገደላማ መንገድ ላይ ከዚህም ይቀነሳል። ለ3 ቶን ትራክተር እንግዲህ ፍሬን የሌለው ተሳቢ 4.5 ቶን ነው፣ የተሳቢው ብረት ራሱ ተቆጥሮ።

«እኔ የጫንኩት ትንሽ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ የጫነውን አያውቀውም። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1.6 ቶን ያህል ይመዝናል። እርጥብ ከሆነ ይብሳል። 5 ሜትር ኩብ ስትሉ 8 ቶን አላችሁ ማለት ነው። ስንዴ ሲሆን ያው 5 ሜትር ኩብ 4 ቶን እንኳ አይሞላም። በዓይን ሲታይ ግን ሁለቱም አንድ ተሳቢ ሙሉ ነው።

ፍሬን ያለው ተሳቢ ስል ደግሞ የሚሠራ ፍሬን ማለቴ ነው። «ፍሬን አለው?» እላለሁ። «አለው!» ይሉኛል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቱቦው ከትራክተሩ ጋር አልተገናኘም። ጫፉ በፌስታል ተጠቅልሎ በሽቦ ተሳቢው ላይ ታስሯል። እንዲህ ያለው ፍሬን የለውም። ከመነሳታችሁ በፊት ቱቦውን አገናኙ፣ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ፍሬን ያዙ፣ ተሳቢው ከኋላ ገፋችሁ ወይስ ያዘላችሁ? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፍጥነትን በተመለከተ አጭር ነው። ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስትወጡ ፍሬኑ የሚያቃጥለው ጉልበት ሁለት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። በ30 ስትሄዱ ደግሞ እግራችሁ ፔዳሉን እስኪነካ ባለው አንድ ሴኮንድ ውስጥ ብቻ 8 ሜትር አልፋችኋል።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል»

ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ መልቀቅ ነው። ይህንን የፈጠረው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ነው። ገቨርነሩ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ይህን ሲያይ ነዳጁን ይዘጋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ፎሌ ስታደርጉ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የራሱን ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ቁጠባ የተባለውም የለም።

ጉዳቱ ግን አለ። ትራክተር ፎሌ ከሆነ በማርሽ ከሚሄድበት ከፍተኛ ፍጥነት በላይ ይሮጣል። ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም። ስፕሪንግ የለውም፣ ትልልቆቹ ጎማዎች ያነጥራሉ፣ የፊት ጎማው መሬት ይለቃል። «ሲፈጥንብኝ ማርሽ አስገባለሁ» ትላላችሁ። አይገባም። በተለይ የቆዩት ካምቢዮዎች (የማርሽ ሳጥኖች) በሩጫ ላይ ማርሽ አይቀበሉም፣ ሲንኳኩ ብቻ ነው የምትሰሙት።

ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየውን ፔዳል) መርገጥም ያው ፎሌ ነው፣ እንዲያውም ይከፋል። ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ከወረዳችሁ፣ ጎማው ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው የፍሪሲዮኑን ዲስክ ሞተሩ ሊያዞረው ከሚችለው በላይ ያዞሩታል። ዲስኩ ሊበታተን ይችላል። ሞተሩ ደግሞ ድንገት ከጠፋ ሃይድሮሊክ የሆነው መሪ ድንጋይ ይሆናል።

የሚደረገው ይህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቁሙ። ያንን መንገድ ጭናችሁ ብትወጡት ኖሮ የምትጠቀሙበትን ማርሽ አስገቡ። ነዳጁን ቀንሱ። አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር ትራክተር ከሆነ አስገቡት፣ ያኔ የፊት ጎማዎቹም ፍሬን ያግዛሉ። ከዚያ እስከ ታች ድረስ ማርሽ መቀየር የለም። ቀስ ይላል፣ አዎ። ቀስ ይበል!

የግራና የቀኝ ጎማን ለየብቻ የሚይዙትን ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች የሚያያይዘው መቆለፊያም አለ። እርሻ ውስጥ ለመታጠፍ አንዱን ብቻ ትረግጣላችሁ፣ መንገድ ላይ ግን ተቆልፈው አንድ መሆን አለባቸው። በፍጥነት ላይ አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ወደዚያው ወገን ይጠመዘዛል። ብዙ ትራክተር ላይ ይህ መቆለፊያ ዝጎ ወይም ጠፍቶ ነው የማገኘው።

«ጭቃ ከያዘው ሰንሰለቱን ከፍ አድርገህ እሰረው»

ሰው የሚገድለው ይህ ነው። ተሳቢ የሚታሰረው ድሮባር ላይ ብቻ ነው፤ ከኋላ ዝቅ ብሎ የወጣው ወፍራም ብረት ላይ። በቃ። የማረሻ ማንሻው የላይኛው ክንድ ላይ አይታሰርም፣ አክስሉ ላይም አይታሰርም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭነቱ አልነቃነቅ ካለ የኋላ ጎማ መዞር ያቅተዋል። ሞተሩ ግን ማዞሩን አይተውም። ጎማው ካልዞረ የትራክተሩ አካል ራሱ በአክስሉ ዙሪያ ይዞራል፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሳል። ሰንሰለቱ ዝቅ ብሎ ከታሰረ ይህን ይቃወማል። ከፍ ካለ ያግዘዋል። ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መመለሻ የሌለው ቦታ ይደርሳል። «ፍሪሲዮን ረግጬ አወርደዋለሁ» የሚሉ ጎበዞች አውቃለሁ። እግራቸው ፔዳሉን ሳያገኘው አልቋል።

ተሳቢው ጭቃ ከያዘው ጭነቱን ቀንሱ፣ ከጎማው ፊት ቆፍሩ፣ በመጣበት በኩል ወደ ኋላ ለማውጣት ሞክሩ። ተንደርድሮ በሰንሰለት መንጨቅ አይሆንም። የተበጠሰ ሰንሰለት ወይም ካቦ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

ከመቀመጫው በላይ የሚቆመውን መከላከያ ብረትም «ዛፍ ይነካብኛል» ብለው ቆርጠው የሚጥሉት አሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ ብረት እንዲኖረው አስገደደች፣ ከዚያ በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ኦፕሬተር ቁጥር በእጅጉ ወረደ። ብረቱ ካለ ቀበቶ እሰሩ። ብረቱ ከሌለ ወይም ከታጠፈ ግን ቀበቶ አትሰሩ፣ ቀበቶው ትራክተሩ ሥር ያስቀራችኋል።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ

«ፒኑ ምንም ቢሆን ይይዛል።» ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን ቦታ ላይ የታጠፈ ፌሮ ተሰክቶ አይቻለሁ። ልኩን የያዘ፣ ከታች መቆለፊያ ያለው ፒን ይሁን፤ በተጨማሪም የተሳቢውን ሙሉ ክብደት የሚችል ሰንሰለት እሰሩ።

«ጭነቱን ወደ ኋላ ካደረግነው ለትራክተሩ ይቀለዋል።» ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ወደ ኋላ የተጫነ ጭነት የትራክተሩን ቂጥ ያነሳል። ፍሬን ያለው እዚያ ነው። ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ያመዝን፣ ግን አይብዛ።

«የፊት ጎማው ትንሽ ብድግ ቢል ምንም አይደል።» መሪው ያለው እሱ ላይ ነው። ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው ፊት ላይ ይቅር። ካልሆነ ከፊት ብረት ጨምሩ።

«ግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሙሉው ያነሰ አደጋ አለው።» ፈሳሹ ወዲያ ወዲህ ስለሚላጋ መታጠፊያ ላይ ግማሹ ይብሳል።

«ትራክተር ቀርፋፋ ስለሆነ ሌላው ያየዋል።» እናንተ በ25 ስትሄዱ ከኋላ በ90 የሚመጣ መኪና 150 ሜትሩን በ8 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ጭቃ ከሸፈነው እንደሌለ ነው፣ ጥረጉት።

«ረዳቱ መሃል ቆሞ ፒኑን ቢያስገባ ይፈጥናል።» ትራክተሩ ወደ ኋላ እየመጣ ረዳት በትራክተሩና በተሳቢው መሃል መቆም የለበትም፣ አንድ እርምጃም ቢቀር። ከጎን ሆኖ፣ ኦፕሬተሩ ፊቱን የሚያይበት ቦታ ላይ ቆሞ በእጁ ይጠቁም። ትራክተሩ ይቁም፣ ማርሹ ይውጣ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የተሳቢው ጎማ ሥር ታኮ ይግባ። ከዚያ በኋላ ገብቶ ፒኑን ይሰካ። ሲፈታም ያው ነው፦ መጀመሪያ ታኮ፣ ቀጥሎ ፒን።