«ዘሩ ነው» ስንል፦ በሰሜን ሸዋ ስለ ሰው ደረጃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ጥያቄው በራሱ ክፋት የለውም። ለጋብቻ ሲሆን ግን ይጠነክራል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አጥንት ይቆጠራል። «አጥንቷ ደህና ነው?» ይባላል። ያደግኩት መንዝ ነው፤ ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለ ሰው ደረጃ ከምናምናቸው ነገሮች ብዙዎቹ ስህተት ናቸው። ስህተታቸው ደግሞ ሰው ይጎዳል።

«ጠይብ በዘሩ ነው፤ ዓይኑም ይበላል»

ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተሰቦችን ጠይብ እንላቸዋለን። ሙያው በደም የሚወረስ፣ ቡዳነቱም አብሮት የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ልጅ ሳለሁ ገበያ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ባልቴት ምጣድና ጀበና ዘርግተዋል። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች። ጀበናውን አንስታ በጣቷ መታ መታ አደረገችና ድምፁን አዳመጠች። የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ያስታውቃል። ይሄኛው ደህና ነበር። ከመክፈሏ በፊት ግን ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጇን ፊት ሸፈነች። ባልቴቷ አይተዋል። ምንም አላሉም። ብሩን ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። በዚያ ጀበና ማታ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይጠጣል። ማንም አይፈራውም። የሚፈሩት የሠሩትን ሴትዮ ነው።

እውነታው ይህ ነው። ሰው ሰውን በዓይኑ አይበላም። «ቡዳ በላው» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የታመመ ልጅ ነው፤ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለበት። ሙያውስ ለምን ከቤተሰብ ሳይወጣ ቀረ? ምክንያቱ መሬት ነው። መንዝ ውስጥ ርስት የሚገኘው በትውልድ ሐረግ ነበር። በአባትም በእናትም ቆጥሮ መጠየቅ ይቻላል። ባለ እጁ ግን በአብዛኛው ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነበር። መሬት ያልደረሰው ሰው በእጁ ይኖራል። ሌላው ልጁን አልድርለትም ካለው ከወገኑ ያገባል። ልጅቷም የእናቷን ሸክላ ትማራለች። ይህ ሦስት አራት ትውልድ ሲቀጥል ዘር ይመስላል። መጀመሪያ በሩ ተዘጋ፤ «ዘሩ ነው» የሚለው ወሬ ከኋላ መጣ።

ይህን ያዩ ሰዎች ድሮም ነበሩ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። እሳቸው ደግሞ አንጎለላ የተወለዱ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ ስድቡን በደንብ ያውቁታል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ የሚሠራለት ያው የሚሰድበው ሰው ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያመኛል።

«ድሮ ሁሉም ጭሰኛ ነበር፤ ከመሬት አዋጁ ወዲህ ሁሉም እኩል ነው»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። መጀመሪያ፣ በሰሜን ሸዋ ሁሉም ጭሰኛ አልነበረም። የመንዝ ገበሬ ብዙው ባለ ርስት ነበር። ርስቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ በክርክርም ዕድሜ ልክ ያሟግታል፤ ግን የራሱ ነው። ጭሰኝነት የሚበዛው ወደ ሌላው የሸዋ ክፍል ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። ርስት ተከልክሎ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ርስቱ ግን እንደ ነጻነት ሳይሆን የአባቱን ነገር እንደማጣት ያየው አለ። ስለዚህ ያው አንድ አዋጅ ለሁለት ጎረቤት ሁለት ትርጉም ነበረው።

ደግሞስ መሬት ብቻውን ይታረሳል እንዴ? በሬ ያስፈልጋል። ሁለት በሬ ያለው ዝናቡ እንደጣለ ያርሳል። አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ተራውን ሲጠብቅ ጥቂት ቀን ያልፈዋል። ምንም የሌለው ግን መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ይህች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መሬቱ በስሟ ነው፣ ደብተሩም ሳጥኗ ውስጥ ነው። አውድማ ላይ ግን ግማሹ ገብስ ወደ ባለ በሬው ቤት ይሄዳል። በወረቀት ከባለ በሬው እኩል ናት። በጎተራ አይደለችም።

በአማራ ክልል መሬት እንደገና የተከፋፈለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ሚስት ያገባ ጎልማሳ ነው። የሚያርሰው የአባቱን ቁራሽ ነው፣ እሱንም ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ።

«ጎበዝ ተማሪ የትም ቢሆን ያልፋል»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ያለፉት ናቸው። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ከተማ ቤት ይከራያል። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት በእግር፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ተመልሶ በእግር። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ረቡዕ ላይ ስንቁ ሲያልቅ ፊዚክስ አይገባም። የመምህር ልጅ በዚያው ሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ያጠናል። ሁለቱም ጎበዝ ሊሆኑ ይችላሉ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው? አይመስለኝም።

«ሀብታሙን ጭንቀት ይገድለዋል፤ ድሃ ጤነኛ ነው»

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ትልቅ ጥናት አለ። የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ሁሉም ደመወዝተኞች ናቸው፣ የተራበ የለም። ሆኖም ከታች ያሉት ተላላኪዎች ከላይ ካሉት ኃላፊዎች ከሦስት እጥፍ በላይ በልብ በሽታ ይሞቱ ነበር። መሃል ያሉትም እንደየደረጃቸው ነው፤ አንድ እርከን በወረድክ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ሲጋራ ልዩነቱን የሚያስረዳው በከፊል ብቻ ነው።

እኛ አገር ደግሞ የገበሬን እግር ማየት ይበቃል። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሰዉ «እርግማን ነው፣ የዘር ነው» ይለዋል። በቤተሰብ የመጋለጥ ነገር አለው፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ሰው ከበሽታው ይተርፋል። ከዘሩ ይልቅ የጫማው ነገር ነው።

«ገንዘብ ካለህ ተከበርክ»

አይደለም። ጫማቸው የተቀደደ ቄስ መንገድ ላይ ሲገኙ ባለ መኪናው ወርዶ መስቀል ይሳለማል። ሀብትና ክብር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ ይለያያሉ። ክብር የሚታየው በልብስ፣ በአነጋገር፣ «አንተ» እና «እርስዎ» በሚለው ነው።

እናቴ ለአንድ የመሬት ጉዳይ ቢሮ ሄዳ ነበር። ባንክ ውስጥ ከዚያ ሠራተኛ የበለጠ ገንዘብ ሳይኖራት አይቀርም፤ በግ አርብታ የምትሸጥ ሴት ናት። ግን ጋቢ ለብሳለች፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምታለች። እሷ «ልጄ» ትለዋለች፣ እሱ «አንቺ፣ ውጭ ጠብቂ» ይላታል። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም። ከእሷ በኋላ የመጣ ባለ ኮት ወንበር ተሰጠው። ሦስት ቀን ተመላለሰች።

አሁን ቢሮ ስትሄድ ከእኛ አንዱን አስከትላ ነው። ጉዳዩን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች፤ የትኛው ወረቀት የት እንደሚፈረም እንኳ በቃሏ ይዛዋለች። እኛ አንናገርም። ሸሚዝ ለብሰን አጠገቧ እንቆማለን።