«አይዞዎት» ብቻውን አያረጋጋም

ነገ ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ፈራሁ ሲል፣ ነርሷ ትከሻውን ነካ አድርጋ «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ትልና ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ በነርስነት ስሠራ ይህን መስማት እጅግ ሰልችቶኛል። ምክንያቱን ስጠይቅ «ስለ ፍርሃቱ ካነሳንበት ይብስበታል» ይሉኛል። ፈጽሞ ስህተት ነው። ስላላነሳነው አይጠፋም፤ አብሮት ያድራል።

አንድ ጊዜ እንቅርት ሊያስወጡ ከመንዝ የመጡ እናት ተኝተው ነበር። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «አይዞዎት» ብሏቸዋል። እራታቸው አልተነካም። ጋቢያቸው ውስጥ ማተባቸውን ጨብጠው ግድግዳውን ያያሉ። አልጋቸው ጫፍ ቁጭ አልኩና «እማማ፣ ከሁሉ የሚያስፈራዎት የቱ ነው?» አልኳቸው። መቆረጡ መስሎኝ ነበር።

«ድምፅሽ ይጠፋል ብለውኛል ልጄ። ከብቱን በምን እጠራለሁ?» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይችንስ ትበጥሱብኛላችሁ?»

ለዚህ «አይዞዎት» ምን ይሠራል? የድምፅ ነርቭ በእንቅርቱ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ማስረዳቱ የሐኪሙ ድርሻ ነውና ጠርቼ አመጣሁት። እሱም ድምፅ ለጊዜው ሊጎረንን እንደሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚመለስ፣ በጥቂት ሰው ላይ ግን እንደሚቀር ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ማተቡን ሳንበጥስ በራሳቸው ላይ አውጥተን እጃቸው ላይ ጠመጠምነው። ያን ጊዜ ነው እራቱን ወደ ራሳቸው የሳቡት።

ከሕሙማን የምሰማቸውን ሌሎች ስጋቶችና አባባሎች ባጭሩ፦

«የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል።» መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። ድንዛዜው በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ ዘላቂ ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው።

«ፊርማው ብሞት አልጠይቅም ማለት ነው።» አይደለም። ተነግሮኝ ተስማምቻለሁ ማለት ነው፤ ከፈረሙ በኋላም እምቢ ማለት ይቻላል።

«አጥሚትና በሶ ምግብ አይደለም።» ነው እንጂ! በማደንዘዣ ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ምግብ ከማደንዘዣው ቢያንስ 6 ሰዓታት፣ ንጹሕ ውሃም 2 ሰዓታት ቀድሞ መቆም አለበት፤ ጸበልም ከውሃው ይቆጠራል። የማደንዘዣ ባለሙያው ከዚህ ቀደም ብሎ ይቁም ካለ እሱን ስሙ። ለአስታማሚዋም ምክንያቱን ንገሯት። «እንዳይበላ» ብቻ ከተባለች አንጀቷ አይችልም፣ ደብቃ ታጎርሰዋለች። ጠዋት ላይ «ምን ቀመሱ?» ስትሉ ድምፃችሁ ቁጣ አይኑረው፤ ከተቆጣችሁ የቀመሰውን አይነግራችሁም።