«ምን አይታችሁብኝ ነው?»፦ በጤና ባለሙያ አነሳሽነት የሚደረግ የኤችአይቪ ምርመራ ምንድን ነው?

እንበል ከደምቢያ የመጡ አባት ናቸው። ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ጎንደር ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ራስጌያቸው ልጃቸው ቆሟል። ግርጌያቸው የወንድማቸው ልጅ። አንዲት ጎረቤትም ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋለች። ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ ስታበቃ «አባባ፣ ኤችአይቪም ብንመረምርዎት?» ትላለች። ሁሉም ዝም ይላል። አባትዬው ዞር ብለው ልጃቸውን ያዩታል። «እኔን ያመመኝ እግሬ ነው። ምን አይታችሁብኝ ነው?»

ነርሷ ያነሳችው ነገር በጤና ባለሙያ አነሳሽነት የሚደረግ ምርመራ ይባላል። ባለሙያዎቹ ፒአይቲሲ ይሉታል። ከቪሲቲ የሚለየው በጠያቂው ነው። ለቪሲቲ ሰው ራሱ ቆርጦ፣ ልመርመር ብሎ ይሄዳል። በዚህኛው ግን ለሌላ ሕመም በመጣበት ባለሙያው ያነሳለታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ሳያውቅ ለሳል፣ ለተቅማጥ፣ ለትኩሳት ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

ለጎንደር ሐኪሞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመተማና ከሁመራ እርሻ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ከባድ በሽታ) ይዞት የሚመጣ ወጣት ኤችአይቪም ካለበት ካላዛሩ ይከብድበታል፤ ታክሞም ቶሎ ያገረሽበታል። የሚታዘዝለት መድኃኒት ጭምር ይለያል። ሐኪሙ ሳያውቅ ቢያክመው የሚጎዳው ልጁ ነው።

ምርመራው ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የመጀመሪያው ቫይረሱ አለ ካለ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይረጋገጣል። ሕመምተኛው እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ በማለቱ ሕክምናው አይቀርበትም። በጠና የታመመም ሰው መጀመሪያ ነፍሱ ይረጋ እንጂ በጭንቅ መሃል አይጠየቅም። ቫይረሱ ከተገኘ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይሸሻል? እኔ እንደሚመስለኝ መርፌው አይደለም የሚያስፈራው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ተለይቶ መጠርጠሩ ነው። «ይህን የምንጠይቀው እርስዎን ብቻ አይደለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከጥያቄው በፊት ብትቀድም ግማሹ ጭንቀት ይቀል ነበር።

ሌላው ግማሽ አስታማሚው ነው። እኛ አገር ምግብ የሚያመላልሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው፣ ሌሊት ወለሉ ላይ የሚተኛው እሱ ነው። እሱን ብቻ «እስቲ ውጣ» ማለት ራሱ ነገር አለ ብሎ ማወጅ ነው። ስለዚህ የሁሉም ሕመምተኛ አስታማሚ በአንድ ጊዜ ቢወጣ ይሻላል። ያኔ ማንም ማንን አይጠረጥርም።

ወደ አባትዬው እንመለስ። ቤተሰቡ ወጥቷል። ነርሷ ዝቅ ብላ በጆሯቸው ታስረዳቸዋለች። «ለልጄ ትነግሩታላችሁ?» ይላሉ። «እርስዎ ሳይፈቅዱ አንነግረውም አባባ።» «እንግዲያ ትንሽ ላስብበት።» ይሁን፣ ያስቡበት። ነገ ጄሶው ሲታሰር ትጠይቃቸዋለች።