የቴሌቪዥን ተወዳዳሪ ክፍያ፣ ከጎጃም ሲታይ

በሪያሊቲ ሾው፣ ማለትም ተራ ሰዎች እየተቀረጹ በሚወዳደሩበት የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ የሚቀርብ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ እንደ ዝግጅቱ ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ገንዘብ የአሸናፊው ሽልማት ነው። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ሳምንታዊ አበል ያገኛሉ፣ አንዳንዶቹ መጓጓዣና መኝታ ብቻ ይሸፈንላቸዋል፣ ባዶ እጁን የሚመለስም ሞልቷል።

ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አከፋፈል ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። እዚያ አዝማሪ ሒሳቡን ለነገ አያሳድርም። ሰርግ ቤት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አዙሮ የሰውየውን ስም ከአባቱ ጋር ሲያነሳለት፣ ሰውየው ብድግ ብሎ ብሩን ላብ ባረጠበው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ያልጣመው አይሸልምም፤ የጣመው ግን እዚያው ይከፍላል።

በቴሌቪዥን ግን ከፋዩ ሩቅ ነው። ተወዳዳሪዎች አንድ ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩበት ቢግ ብራዘር አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ያሸነፈችው ዛምቢያዊት ቼሪስ ማኩባሌ 100,000 ዶላር ወሰደች፤ ኢትዮጵያውያንም በተሳተፉበት የ2013 ዙር ሽልማቱ 300,000 ደርሶ ነበር። ከሰው በራቀ ቦታ ተቋቁሞ መቆየት የሚፈተንበት የአሜሪካው ሰርቫይቨር ለአንደኛው 1 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል፣ ቀድሞ የተሰናበተውም እንደ ቆይታው ይከፈለዋል። የመጀመሪያው አሸናፊ ሪቻርድ ሃች ከሽልማቱ ግብር ባለመክፈሉ እ.ኤ.አ. በ2006 የ51 ወር እስራት ተፈርዶበታል። አንድ ወንድ የትዳር አጋር በሚመርጥበት ዘ ባችለር ላይ ለመመረጥ የሚሰለፉት ደግሞ ደሞዝ የላቸውም።

ክርክሩ ያለው ውድድሩ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ የሚለው ላይ ነው። አዘጋጆች ጨዋታ ነው ይላሉ፤ ሥራ ከሆነ ደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ዕረፍት ይመጣልና። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ሰኔ 3 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.፣ ጥንዶች በደሴት ላይ ታማኝነታቸው የሚፈተንበት ዝግጅት ተሳታፊዎች ሠራተኞች ናቸው አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መቼ እንደሚነሱና መቼ እንደሚተኙ የሚወስነው አዘጋጁ ነው፤ ከቦታው መውጣትም የራሳቸውን ጉዳይ መሥራትም አይችሉም። ለእኔ ይህ አሳማኝ ነው። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን የሚያየው በሌላው አመራር ሥር ሆኖ ለደሞዝ በመሥራት ነው፤ መደበኛውን የሥራ ሰዓት ደግሞ በቀን 8 ላይ ይገድበዋል። «ለደሞዝ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን ጠበቆች ሊነታረኩ ይችላሉ።

በደርግ ዘመን ከጎጃም ወደ ትልቅ መድረክ የሚያወጣው መንገድ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ነበር፤ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ከዚያ የተገኙ ናቸው። በኋላ ደግሞ እንደ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ያሉ የድምፅ ውድድሮች መጡ። እነዚህ ተወዳዳሪን ቤት ዘግተው ከሚያኖሩት ጋር አንድ አይደሉም፣ የገንዘቡ ጥያቄ ግን ይመሳሰላል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማጣሪያ የሚሄድ ልጅ የአውቶቡሱን ከፍሎ፣ መናኸሪያ አካባቢ አልጋ ይዞ፣ ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ ያድራል፤ ጠዋት ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ ይሰለፋል። ምናልባት የሚዘፍነው አንድ ደቂቃ ነው። ካለፈና ድምፅ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ካርድ እየሞላ ይልክለታል። እንግዲህ ገንዘቡ ከተወዳዳሪው ወገን ወደ አዘጋጁ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይሄዳሉ? ሳያሸንፍ የተመለሰውም ቢሆን አገሩ ሲገባ «በቴሌቪዥን ያየነው ልጅ» ነው። ድሮ በጎረቤት ጥሪ ብቻ ይሄድ የነበረው፣ አሁን ከሌላ ወረዳ ለሰርግ ሲጠሩት ዋጋ ይቆርጣል፣ ቀብድም ይቀበላል። የግንባሩ ብር ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል።