የሰርቨር ምስጢሮች፦ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን እላዩ ላይ መተው

«ጋሼ፣ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ አንብቤ ወዲያው አጠፋዋለሁ።»

ይህን የጻፈልኝ አብሮኝ የሚሠራ ጎበዝ ወጣት ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ። ሰርቨሮቻችንን አንሲብል በተባለው ፕሮግራም የሚያዋቅረው፣ ክላውዱ (በኢንተርኔት የምንከራያቸው ማሽኖች) ላይ ያለንን ሁሉ ቴራፎርም በተባለው የሚገነባው እርሱ ነው። ሥራውን በሙሉ ለማሽን አስረክቦ ምስጢሩን ግን እንደ ድሮው ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላል።

ምስጢር ስል የይለፍ ቃልን፣ የኤፒአይ ቁልፍን፣ ቶከንን፣ የኤስኤስኤች የግል ቁልፍን ማለቴ ነው፤ ባጭሩ አንድ ፕሮግራም ሌላውን «እኔ ነኝ፣ አስገባኝ» የሚልበትን ሁሉ። ስለ እነዚህ ነገሮች ከባልደረቦቼ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሣ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የኮድ ማከማቻችን የግል ስለሆነ ቁልፉ እዚያ ቢቀመጥ ችግር የለም»

በ2016 በኡበር ላይ የደረሰው ለዚህ አባባል በቂ መልስ ነው። ሰርጎ ገቦች በተሰረቀ የመግቢያ ቃል ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የኩባንያውን የግል ማከማቻ ከፈቱ። ውስጡ የአማዞን ክላውድ ቁልፍ ተጽፎ አገኙ። በዚያ ቁልፍ የ57 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ይዘው ወጡ። ኩባንያው ለሰርጎ ገቦቹ 100,000 ዶላር ከፍሎ ነገሩን አንድ ዓመት ያህል አፍኖ ያዘው፤ በዚህም ምክንያት የደኅንነት ኃላፊው በ2022 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ። ማከማቻው እኮ የግል ነበር።

የኮድን ለውጥ ሁሉ በታሪክ የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ የጊትን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ባለሙያ ኮዱን ወደ ኮምፒውተሩ ሲያወርድ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩንም በሙሉ ያወርዳል። ስለዚህ ቁልፉ በሁሉም ሰው ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ባለፈው ዓመት ሥራ በለቀቀው ሰው ላፕቶፕ ላይም ጭምር።

የዚህ አባባል ታናሽ ወንድም «ስሕተቴን አይቼ ወዲያው አጥፍቼዋለሁ» የሚለው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። መስመሩን ሰርዞ አዲስ ለውጥ መመዝገብ ቁልፉን ከዛሬው ገጽ ያነሣዋል እንጂ ከትናንቱ አይፍቀውም። ታሪኩን ማጽዳት ይቻላል፤ ሌሎች ቀድመው የወሰዱትን ቅጂ ግን ማንም አይመልሰውም። ቶዮታ በ2022 እንዳስታወቀው፣ ቲ-ኮኔክት የተባለው አገልግሎቱ ሰርቨር የሚከፈትበት ቁልፍ ለሁሉም በተገለጠ የጊትሃብ ማከማቻ ውስጥ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀምጦ ነበር፤ የ296,019 ደንበኞች የኢሜይል አድራሻም ለአደጋ ተጋልጧል። ስለዚህ ቁልፍ ሲያመልጥ የመጀመሪያው ሥራ ቁልፉን ከሰጠው አካል ዘንድ መሻር ነው፤ ታሪክ ማጽዳቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ግማሽ ቀን ታሪክ ሳጸዳ ዋልሁ። ቁልፉ ያን ሁሉ ሰዓት በሕይወት ነበር።

«ቤዝ 64 ነው፤ ማንም አያነበውም»

በልጅነታችን በወፍ ቋንቋ ስናወራ ታላላቆቻችን የማይገባቸው ይመስለን ነበር። ቤዝ 64፣ ማንኛውንም መረጃ በ64 ፊደላትና ምልክቶች የሚጽፈው ደንብ፣ የወፍ ቋንቋ ነው። የሚፈታበት ቁልፍ የለውም፤ ደንቡን የሚያውቅ ሁሉ ያነበዋል፤ ደንቡን ደግሞ የማያውቅ ኮምፒውተር የለም። ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ «ሲክሬት» ብሎ የሚጠራቸውን ነገሮች የሚያሳየን በዚህ አጻጻፍ ነው። አስተዳዳሪው ምስጠራ እንዲኖር ካላዘዘ በቀር፣ ኩበርኔቲስ በነባሪ አሠራሩ ኢቲሲዲ በተባለው ቋቱ ውስጥ ሳይመሰጥራቸው ነው የሚያስቀምጣቸው።

«በአንሲብል ቮልት መስጥሬዋለሁ፤ ጨርሻለሁ»

ይህኛው ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። የአንሲብል የምስጢር መቆለፊያ የሆነው አንሲብል ቮልት የሚጠቀመው ኤኢኤስ 256 የተባለውን ምስጠራ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ጠንካራ ከሆነ ፋይሉን በጉልበት ሰብሮ የሚያነበው የለም። ሌባ ግን መስበር የሚጀምረው ሌላ መግቢያ ሲያጣ ነው።

ቮልቱን የሚከፍተው የይለፍ ቃል የት ነው? ብዙ ጊዜ እዚያው ማከማቻ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አገኘዋለሁ። ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን እላዩ ላይ መተው ማለት ይህ ነው። ፋይሉ ከማከማቻው ውጭ መሆን አለበት፤ አለዚያም አንሲብል የይለፍ ቃሉን ከሌላ የምስጢር መያዣ የሚጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ሊሰጠው ይችላል።

ቀጥሎ፣ ምስጢሩ ከተፈታ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ቮልት የሚጠብቀው የተቀመጠውን ፋይል ነው። አንሲብል ሥራ ሲጀምር ፈትቶ ይጠቀምበታል፤ ሰርቨሩ ላይ የሚጽፈው የማዋቀሪያ ፋይል የይለፍ ቃሉን በግልጽ ይይዛል። የፋይሉን ፈቃድ 0600 አድርጎ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው መዝጋት የእኛ ፈንታ ነው። ሥራው ሲከሽፍ ወይም ዝርዝሩን እንዲያሳይ ታዝዞ ሲሠራ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ስክሪኑ ላይ ሊዘረግፈው ይችላል፤ ከስክሪኑ ወደ ሎግ (የሥራ መዝገብ ፋይል)፣ ከሎግ ወደ ሌላ ሰርቨር ይሻገራል። «ኖ ሎግ» የምትባለዋን አንድ መስመር ምስጢር በሚነካው ሥራ ላይ መጨመር ይህን ትከለክላለች። አንዲት መስመር ናት፤ ግን ጎድላ ያላየሁበትን ድርጅት መቁጠር ይቀለኛል።

ሦስተኛው ወጥመድ ልምድ ያላቸውንም ያታልላል። አንድ ባልደረባ ሥራ ሲለቅ «ሪኪ» በሚባለው ትእዛዝ የቮልቱን የይለፍ ቃል ቀይረን እፎይ እንላለን። የተቀየረው ግን የሳጥኑ ቁልፍ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ያው የትናንቱ ነው። የትናንቱ ሳጥን ደግሞ በጊት ታሪክ ውስጥ፣ በአሮጌው ቁልፍ የሚከፈት ሆኖ ተቀምጧል። ሰው ሲለቅ መቀየር ያለበት ዳታቤዙ ራሱ የሚያውቀው የይለፍ ቃል ነው።

«ቴራፎርም ውስጥ ‹ሴንሲቲቭ› ብዬዋለሁ»

ያ ቃል ምስጢሩን ከስክሪን ብቻ ይደብቃል። ቴራፎርም የሠራውን ሁሉ በሚመዘግብበት የስቴት ፋይል ውስጥ ግን የይለፍ ቃሉ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ስቴቱን ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ወይም ወደ ጊት መላክ ስለዚህ አይገባም፤ ምስጠራ ባለው፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚደርሱበት የክላውድ ማከማቻ ውስጥ ይሁን። ከ1.10 እና ከ1.11 እትሞች ጀምሮ ምስጢርን ጭራሽ በስቴቱ ላይ ሳይጽፉ የማሳለፍ መንገድ ተጨምሯል።

«የአካባቢ ተለዋዋጭ አድርጌዋለሁ፤ ከኮዱ ወጥቷል»

የአካባቢ ተለዋዋጭ ከኮዱ ውጭ ተቀምጦ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያነበው እሴት ስለሆነ፣ ከኮዱ መውጣቱ ልክ ነው። የት ገባ? እዚያ ማሽን ላይ ሥራው የሚጠራው ፕሮግራም ሁሉ ተለዋዋጮቹን ይወርሳል። በ2021 ኮድኮቭ የተባለው ኩባንያ ደንበኞቹ ኮዳቸውን በሚገነቡበት ማሽን ላይ የሚያስኬዱት አንድ ስክሪፕት ነበረው። ሰርጎ ገቦች ስክሪፕቱን ነክተው፣ በሮጠ ቁጥር የማሽኑን ተለዋዋጮች ሰብስቦ ወደ እነርሱ እንዲልክ አደረጉት። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ሁለት ወር ያህል ማንም ሳይነቃባቸው ቀጠለ። የግንባታው እያንዳንዱ ደረጃ ለራሱ የሚያስፈልገውን ምስጢር ብቻ ቢያገኝ ኖሮ የሚሰበሰበው ጥቂት በሆነ።

«በየሦስት ወሩ እንቀይራለን»

ሦስት ወር ለሌባ ብዙ ዕድሜ ነው። መቀየሩን አልቃወምም፤ የምቃወመው ቀን መቁጠሪያ ላይ መተማመንን ነው። በጥር 2023 የደንበኞችን ኮድ የሚገነባና የሚፈትሽ አገልግሎት የሚሰጠው ሰርክልሲአይ ሰርጎ ገብ እንደ ገባበት ሲያውቅ ለደንበኞቹ በሙሉ «እኛ ዘንድ ያስቀመጣችሁትን ምስጢር ሁሉ አሁኑኑ ቀይሩ» አለ። አስቡት፤ የመቀየሩን ሥራ ለማሽን የሰጠ ድርጅት አንድ ትእዛዝ አስኪዶ ይጠብቃል፤ ያልሰጠው ደግሞ በቅድሚያ ስንት ምስጢር እንዳለውና የትኛው ፕሮግራም የትኛውን እንደሚጠቀም በማስታወስ ይጀምራል። የአንድን ድርጅት ጥንቃቄ ስመዝን አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁሉንም ዛሬ ቀይሩ ብትባሉ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል?

ከዚህም የተሻለው ዘላቂ ቁልፍ ጨርሶ አለመኖሩ ነው። የሃሺኮርፕ ቮልት (ከአንሲብል ቮልት ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት) ፕሮግራሙ ሲጠይቀው ዳታቤዙ ላይ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥሮ፣ የአንድ ሰዓት ዕድሜ ሰጥቶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ያጠፋዋል። ጊትሃብ ላይ የሚሮጥ ሥራም ኦአይዲሲ በተባለው መንገድ ማንነቱን አረጋግጦ ከአማዞን ጊዜያዊ ፈቃድ መቀበል ይችላል።

ጊዜያዊ መሆኑ ግን ብቻውን አያድንም። በ2019 ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ የተዘረፈው በጊዜያዊ ቁልፍ ነው። በስሕተት የተዋቀረ የድረ ገጽ መከላከያን አሳስታ፣ አማዞን ለእያንዳንዱ ማሽን መረጃ የሚሰጥበትን 169.254.169.254 የተባለ አድራሻ ያስጠየቀች ሰርጎ ገብ የማሽኑን ቁልፍ ተቀበለች። በአሜሪካ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተነኩ። የቁልፉ ዕድሜ አጭር ነበር፤ ፈቃዱ ግን ሰፊ።

«ይህ ሁሉ የትልልቅ ኩባንያዎች ቅንጦት ነው»

አንሲብል ቮልት በነፃ ይገኛል። በሞዚላ የተጀመረው፣ የማዋቀሪያ ፋይሎችን የሚመሰጥረው ሶፕስም እንዲሁ፤ ደስ የሚለው ጠባዩ የፋይሉን እሴቶች ብቻ መስጥሮ ስሞቹን ክፍት መተዉ ነው፤ ባልደረባችሁ የትኛው ምስጢር እንደ ተቀየረ ያያል፣ ምስጢሩን ግን አያይም። የአማዞን ሲክሬትስ ማኔጀር ለአንድ ምስጢር በወር 40 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ያስከፍላል። አዲስ አበባ ላለ ትንሽ ድርጅት ችግሩ 40 ሳንቲሙ ሳይሆን በዶላር የሚከፍለው ካርድ ነው።

በተቃራኒው ሦስት ባለሙያ ያለው ቡድን ትልቁን የሃሺኮርፕ ቮልት ልትከል ሲለኝ ቆይ እላለሁ። ቮልት ሲጀመር ዋና መክፈቻውን ለአምስት ይከፋፍለዋል፤ ለመክፈት ከአምስቱ ማንኛቸውም ሦስቱ መገናኘት አለባቸው፤ ሁለት ሰው ካልተገኘ የማይከፈት የባንክ ካዝና እንደ ማለት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ደግሞ ተቆልፎ ይነሣል። የክላውዱ የቁልፍ አገልግሎት ራሱ እንዲከፍተው ማዋቀር ይቻላል፤ ያላዋቀረ ግን መብራት በሌሊት ሲሄድ ሦስት ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። ይህን ድካም ፈርተው አምስቱንም ቁራጭ በአንድ ሰው ላፕቶፕ፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ያስቀመጡ አይቻለሁ።