ስለ ፕሮፌሰር ክላርክና ስለ አገራችን የሰው ዘር አመጣጥ አጥኚዎች በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ሉሲን የማያውቅ የለም። ስለ እሷ ወሬ በተነሳ ቁጥር ግን አብረው የሚነሱ አባባሎች አሉ፤ እኔ ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፈረንጁ ያገኛል፣ ሐበሻው አፈር ያወጣል»

አንድ ሰሞን ከእውነት ብዙም አይርቅም ነበር። ዛሬ ግን አይሠራም። በ1997 አፋር ውስጥ፣ መካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ በሚባል ቦታ ዶክተር ብርሃነ አስፋው የአንድ ሕፃን ራስ ቅል አገኙ። ዕድሜው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። ቅሉ ከእጅ እንዳመለጠ ጀበና እንክትክት ብሎ መሬት ላይ ተበትኗል፤ ስባሪው ከ180 በላይ ነው። እሱን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ አጽድቶ፣ ገጣጥሞ መልሶ ራስ ቅል ማድረግ ዓመታት ፈጀ። 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ዘመዳችን ነው።

ብርሃነ በ1988 ዶክትሬታቸውን የያዙት ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው። ወደዚያ የጋበዟቸው የጥንት የድንጋይ መሣሪያ አጥኚው ፕሮፌሰር ዴዝሞንድ ክላርክ ነበሩ።

«ክላርክ ከቢሮ የማይወጡ የአሜሪካ ፕሮፌሰር ነበሩ»

እንግሊዛዊ ናቸው። በ1961 በርክሌይ ከመግባታቸው በፊት ከ20 ዓመት በላይ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ ሊቪንግስተን ከተማ ሙዚየም መርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆነው ሶማሊያና ኢትዮጵያ ሲመጡ እንኳ ጊዜ ባገኙ ቁጥር የድንጋይ መሣሪያ ይለቅሙ ነበር። ሙዚየም ያለ ሰው፣ ሰውም ያለ ሙዚየም እንደማይሆን የገባቸው ይመስለኛል። ተማሪ ወስደው ብቻ አልቀሩም፤ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ቤተ ሙከራ እንዲኖር ገንዘብ በማፈላለግ ደክመዋል።

«የተገኘው ሁሉ ወደ ውጭ ይጋዛል»

አይጋዝም። ዋናው ቅሪተ አካል አዲስ አበባ ነው የሚቀመጠው።

«ሁሉም የበርክሌይ ልጆች ናቸው»

ይሄኛው ደግሞ ሙገሳ ይመስላል፣ ግን ልክ አይደለም። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በርክሌይ ተምረዋል፤ እሺ። «ሰላም» የተባለችውን የሕፃን ቅሪተ አካል ያገኙት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ግን ፓሪስ፣ አፋር ውስጥ ጎና የተገኘውን 2.6 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያ ያጠኑት ዶክተር ስለሺ ሰማው ደግሞ አሜሪካ፣ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማሩት። በነገራችን ላይ፣ ሉሲን ያገኙት ዶናልድ ጆሃንሰን ያቋቋሙትን የሰው ዘር አመጣጥ ተቋም ከ2021 ጀምሮ የሚመሩት ዮሐንስ ናቸው።

«ክላርክ አጥንት ፈላጊ ነበሩ»

የድንጋይ መሣሪያ ሰው ናቸው። የሄርቶ ግኝት በሰኔ 2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው በሁለት ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ስለ አጥንቶቹ፣ ሌላው ስለ መሣሪያዎቹና ስለ ዕድሜያቸው። ክላርክ ያረፉት የካቲት 2002 ነው፤ መታተሙን አላዩም። የሁለተኛው ጽሑፍ የመጀመሪያ ስም ግን የእሳቸው ነው። ቀጥሎ የኢትዮጵያውያኑ አጥኚዎች ስም ነው፤ ዮናስ በየነ፣ ቀጥሎ ጊዳይ ወልደገብርኤል።